ለትንፋሽ የሚያዋጣ

ሞላሌ ነው ነገሩ፣ ከጥዱ ጥላ ሥር፣
ንፋሱ ከጓሳ፣ ወረቀት ሊያባርር፣
መዝገቤን በድንጋይ ጫን አድርጌ ይዤ፣
እድር ጸሐፊው እኔ፣ ብዕሬን መዝዤ።

«የጤና መድን» አለ ከወረዳ የመጣው፣
«ጤነኛ ሲያዋጣ ነው ታማሚ የሚወጣው።»

አቶ አጎናፍር ተነሡ፣ ባናቸውን አጣፍተው፦
«ካልታመምኩስ» አሉ፣ «ብሬን ማን ሊመልሰው?
ጤናን የሚሰጥ አምላክ ደረሰኝ አይቆርጥም፤
ገና ላልመጣ ሕመም ድግስ አልደግስም።»

ጥላዬ ባለ ሱቁ ከጎን አጉረመረመ፦
«እኔስ ከፍያለሁ፤ አምና ልጄ ታመመ፤
ካርድ ይዤ፣ ተሰልፌ፣ ከመስኮቱ ስደርስ፣
‹የለም፣ ከውጭ ግዙ›፤ ይኸው ነው ያ ፈውስ።»

ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁን ግን ሳልጽፍ፣
ድምፅ መጣ ከሴቶቹ፣ ከዚያ ከዳር ከጫፍ፤
ይመኙሻል ናት፣ ሱፍ ፈታይዋ፣ እንዝርቷን ሳታኖር፦

«ባሌ የሞተ ዕለት፣ እድራችሁ ሲያምር!
ድንኳኑ፣ ንፍሮው፣ ወንበሩ፤ የጎደለ አልነበር።
ደብረ ብርሃን ልወስደው ያ ሰሞን ስለፋ፣
በጎቼን ጨረስኳቸው፣ አበዳሪም ጠፋ።
ለሬሳው የሚያዋጣ ሰፈር ሙሉ ካለ፣
ለትንፋሹ የሚያዋጣ አንድስ ሰው የት ዋለ?»

አቶ አጎናፍር ባናቸውን ሳቡ፤ አልተናገሩም።
ጥላዬ ግን፦ «እውነቷን ነው። መድኃኒቱም የለም።»

ከወረዳ የመጣው ፎርም ሁለት ሣጥን አለው፣
«ይደግፋል»፣ «ይቃወማል»፤ ሌላ ቦታ የለው።
ይመኙሻልን የት ልጻፍ? ጥላዬንስ የቱ ጋ?
በስልኬ መብራት ሳየው ሌሊቱ ሊነጋ፣
ከኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፣ በጠባቡ፣ አግድም፦
«ከፍለን እንጠይቃለን።»
ማኅተም ግን የለውም።