ከጫፉ

ቅዳሜ ነው። ውሃ መጣ፤ ፈረቃችን ደርሶ፣
ቧንቧው ሦስቴ አስሎ አየሩን ጨርሶ።
ሞላሁ ሁለት ባልዲ፣ አንድ የቀለም ጣሳ፤
ኖላዊት ነቃች፣ ፀጉሯ እንደ አንበሳ።

ጥፋቱ የእኔ ነው።
ትናንት ማታ ከእናቷ ቤት፣ ከገርጂ ሳመጣት፣
«ሹሩባው አሳከከኝ» አለች፤ ፈታሁላት።
ፈትቼም ተውኩት፤ ሳልጎነጉነው፣ ሻሽ ሳላለብስ፤
ተገላበጠችበት እስኪነጋ ድረስ።

እኔ እንግዲህ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነኝ፤
አሥራ ስድስት ዓመት መሰላል ያዘለኝ።
ከፖስታ ቤት እስከ አምባሳደር፣ ከቸርችል እስከ ጊዮን፣
ከየምሰሶው አናት የሽቦ ልቃቂት ስፈታ፣
እርግብ ጎጆ የሠራችበትን፣ ባለቤቱ የሞተበትን፣
አንድም ቀን ውሉ አልጠፋኝም።

ማበጠሪያውን አንስቼ ከአናቷ ጀመርኩ።
ሳብኩ።
አራተኛ ፎቅ ላይ ጮኸች፣ ምድር ቤት ሰማ።
«አባዬ! እኔ ስልክ አይደለሁም እኮ!»
ሁለት ጥርስ ረገፈ ከማበጠሪያው፤
አንዱን አገኘሁት፤ አንዱ ዱር ገባ፣ ቀረ እዚያው።

እትዬ ዘርፈሽዋል ሦስተኛ ፎቅ ናቸው።
ፒያሳ ያለው ሳሎን ሲፈርስ አንድ ካስክ ነው የተረፋቸው፤
ዛሬ ድመታቸው ትተኛበታለች።
በር ላይ ቆመው ማበጠሪያዬን አዩና
«ምነው፣ ቂም ይዘህባታል?» አሉ።
«ደረቅ ፀጉር ማበጠሪያ አያስነካም፤ አርጥበው፤
ቅባት አትሰስት፤ ጣትህ ይቅደምና ይዳብሰው፤
ጣት ያያል፣ ሚዶ ዕውር ነው።
ከቋጠሮው በላይ ጨብጠህ ያዝ፣ ሥሩ ሕመሙን እንዳይሰማ፤
ከዚያ ከጫፉ። አንድ ጣት ሲላላልህ፣ አንድ ጣት ወደ ላይ።
ከሥር የጀመረ ሰው፣ ልጄ፣
እየፈታሁ ይመስለዋል እንጂ እያጠበቀ ነው።»
ደረጃውን ስወጣ ደግሞ ከኋላዬ ጮክ ብለው፦
«ማታ ማታ ጎንጉነው! ተጎንጉኖ ያደረ ተቋጥሮ አይነጋም!»

በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት፣ ፎጣ በትከሻዋ፤
ከመስኮቱ ማዶ ክሬን ይዞራል፣ የአራት ኪሎ ሰማይ ላይ።
ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ የቤት ሥራዋን ታነባለች፦
«ለሚከተሉት ቃላት ፍቺ ስጡ።
አንድ፣ ጅረት።»
«ትንሽ ወንዝ» አልኩ፣ ጣቴ ቅባት ውስጥ፣
ጫፍ ጫፉን እየለቀመ።
«ሁለት፣ አደራ።»
እሱንም እንደ ምንም ነገርኳት።
ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ፦
«አባዬ፣ የፍቺስ ፍቺው ምንድን ነው?»

አፌ ውስጥ ሦስት የፀጉር ማስያዣ ነበረ።
ደግነቱ፣ ነበረ።

ልደታ ፍርድ ቤት፣ ዳኛዋ «ከየት እንጀምር?» ስትል፣
እኔ ከሰርጉ ጀመርኩ፣ እሷ ከሽምግልናው፤
ከሥር፣ በደረቁ፣
ሁለታችንም እየሳብን፣ እየፈታን መስሎን።

ከጆሮዋ ጀርባ አንዱ ቋጠሮ እንቢ አለ።
መቀሱን አየሁት። ሳየው አየችኝ።
እንደገና ውሃ፣ እንደገና ቅባት፣ እንደገና ጣት፤
አንድ ዳዊት የሚደገምበት ያህል ቆይቶ
ሲላላ ከሆዱ ወጣ ሰማያዊ ክር፣
እናቷ ሹሩባውን የቋጨችበት፤
ዓርብ ስፈታው ያላየሁት ነገር።
«የእማዬ ነው። እንዳትጥለው።»
አልጣልኩትም። ጣቴ ላይ ጠመጠምኩት።

እሑድ ማታ፣ ስታዲየም ባቡር ጣቢያ፣
ኖላዊት ሻሿን ገለጥ አደረገች፦
አራት ጉንጉን፤ የአንደኛው ጫፍ በሰማያዊው ክር ታስሮ።
እናቷ በጣቷ ተከተለችው፣ ከግንባር እስከ ማጅራት።
«መስመሩ ጠሟል» አለች፣ «የመስመር ሠራተኛው።»
ክሩን አየችው። ምንም አላለችም።
ባቡሩ መጥቶ ከገቡ በኋላ ልጄ ዞር ብላ፦
«አባዬ! የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም እኮ!»

በሩ ተዘጋ።
አፌ ውስጥ ማስያዣ አልነበረም።