ከደንበኞች ደብተር

መኪና ግርግር፣ ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ሲወረድ፣
ሲንጀር በተርታ በሚያጉረመርምበት መንገድ፣
አው ኢምራን ይሰፋል።
(አንቱ አልለውም፤ ሐረር ነን፤ አንተ ይበቃል።)
ቀኝ እግሩ ፔዳል ላይ፣ ግራው ባልዲ ውስጥ ከጨው፤
«ምን ሆንክ?» ላለው ሁሉ «ድካም ነው» መልሱ ነው።

ሐኪም ቤት ማለት ካርድ ብቻ አይደለም፤
ለካርድ ማንም አያዝንም።
ውዱ፣ ሱቅ ተዘግቶ የዋለበት ጠዋት፣
ሁለት ሱሪ የሚበላ ወረፋ፣ በሠርግ ወራት፣
ጎረቤት ልትለካ ገብታ እዚያው የቀረች ሙሽሪት።

ጥቁር አዝሙድ ግን አይ ረውዳ ዘንድ ሞልቷል፣
በማንኪያ ይሸጣል፣ በዱቤ ይሰጣል፤
«ምላስህን አውጣ» የለ፣ «ነገ ተመለስ» የለ።
ያለፈው ዓመት ኪኒንም ገና አላለቀም፣ አለ፦
በጨርቅ መቀስ ለሁለት ይከፍለዋል፣
ግማሹን ለዛሬ፣ ግማሹን ለከነገ ወዲያ ያቆየዋል፤
መሃል ያለችዋን ነገ
ለአላህ ይተዋታል።

እኔ ቁልፍ ተካይ፣ ክር አስገቢ ነኝ።
አንድ ዓርብ ለጁምዓ ሲወጣ፣ ደብተሩ ጋ ጥሎኝ፣
መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ደንበኛ አገኘሁ፦
«የጅጅጋው ሰውዬ»።
ደረት የለው፣ ወገብ የለው፣ ትከሻ የለው።
ሃያ አራት።
ሃያ አራት ተኩል።
(ዒድ ነበር፣ አልተለካም።)
ሃያ ስድስት።
ሃያ ሰባት።
ጥጉ ላይ በእርሳስ፦ «ሃያ ዘጠኝ ሲሞላ፣ ጁገል ሆስፒታል።»

ምን ዓይነት ሱሪ ነው፣
ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ እዚያው የሚያልቅ?
ባልዲውን አየሁት።
መስፋትና መስፋት፣ ቃሉ አንድ፣ ዕዳው ለየብቻ።

ሐሙስ ማታ የሜትሩን ጫፍ ቆረጥኩ፣
ሁለት ሳንቲሜትር፣ በራሱ መቀስ።
ዓርብ ለካ። ዝም አለ። እንደገና ለካ።
ሰኞ ሱቁ አልተከፈተም።

ማክሰኞ መጣ፣ እግሩ በፋሻ፣ ኪሱ በኪኒን ተወጥሮ፤
ኪኒኑ አልተከፈለም፤ ዋጋው ግን ተከፍሏል።
ዶክተሯ በራሷ ሜትር ለክታ
«ሃያ ሰባት ነው፤ ማነው ሃያ ዘጠኝ ያለህ?» ብላዋለች።
በዚያው ሳምንት፣ ከደብተር ልኬት የተቆረጠ
አንድ አጥላስ ሙሽራዋን ጠበባት።
ሜትሩን አየ። እኔን አየ።
ምንም ሳይል በስሜ ጻፈ፦
«ሜትር፣ አንድ። አጥላስ፣ አንድ። ከደሞዝ።»

በየወሩ ይቆረጥብኛል።
ይቆረጥ።