የተጋደመው ስምንት

ማክሰኞ ነበር፤ ኮቤ ወደብ ላይ ዝናብ፣
ሱቃችን ከባቡር ሐዲድ ሥር፣ እንደ እጅጌ ጠባብ፤
ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፣
ሰማንያው አሮጌ ሌንስ እንደበረደው ጥርስ ይንገጫገጫል።

ወይዘሮ ኢሱዙ ገቡ። ጃንጥላቸውን አጠፉ፤
በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ባንኮኒው ላይ አሳረፉ።
«የባለቤቴ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ከእጁ ያልለየው።
እኔ ካሜራ አላውቅም። ስንት ነው የሚያወጣው?»

መምህሬ ኩዋባራ ዋጋ አይጠሩም ሳይዳስሱ።
መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ ባትሪ አነሱ፣
ብርሃኑን በሌንሱ ጉሮሮ ሰደዱ ቁልቁል፣
ሐኪም ሕፃኑን «አፍህን ክፈት» እንደሚል።

እኔ፣ የሦስት ዓመት ተለማማጅ፣ ከጎን ቆሜ እጽፋለሁ፦
ጭረት፤ አንድ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ጠርዙ ላይ።
(ፎቶ ላይ አይወጣም። ገዢ ግን ፎቶ አያይም፣ ጭረት ነው የሚያይ።)
ሻጋታ፤ የለም።
የብሌኑ ምላጮች፤ ስድስት፣ ዘይት ያልነካቸው፣
እንደ ድመት ዓይን ፈጥነው የሚጠቡ፣ ፈጥነው የሚሰፉ ናቸው።
ብርጭቆው፤ ቢጫ፣ አድሮ የከረመ ሻይ።

ወይዘሮዋ ደነገጡ። «ተበላሽቷል ማለት ነው?»
«የለም» አሉ መምህሬ፤ «የዚያ ዘመን ብርጭቆ ጠባዩ ነው።
ውስጡ ቶሪየም አለ፤ ጨለማ ሲከርም ይወይባል፣
ስድስት ሳምንት መስኮት ላይ ፀሐይ ከሞቀ ይጠራል።
ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር?»
«አሥራ አንድ ዓመት» አሉ። «ከሞተ ጀምሮ።»

ከዚያ ቀለበቱ። መምህሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤
ይሄን የሚዳኝ ጣት ነው።
ከቅርቡ ጫፍ ተነሣ፣ እንደ ማር ከብዶ ዞረ፤
አንድ ሜትር፣ ሁለት፣ አምስት፣ ሁሉም ጥብቅ ነበረ።
መጨረሻው ላይ ሲደርስ፣ የተጋደመው ስምንት ዘንድ፣
ከዚያ ወዲያ ቁጥር የሌለበት፣ የሩቅ ሁሉ ምልክት፣
ላላ።
ሳይገፉት ተንሸራተተ።
ቀለሙም እዚያ ጋ ብቻ ተፍቆ ብረቱ አግጥጧል።

«ባለቤትዎ ባሕር ይወዱ ነበር?»
«መርከብ» አሉ። «ጣራችን ላይ ወጥቶ፣ የገባ የወጣውን ሲቆጥር።
ሃያ ስምንት አልበም። የፓናማ፣ የላይቤሪያ፣
የግሪኩማ ዝገቱ ሳይቀር ተለቅሞ ይታያል፣ በቡናው ሲለያይ።»

እኔ አፌ አያርፍም፦ «የእርስዎስ ፎቶ?»
መምህሬ እግሬን ረገጡ፤ ቢሆንም ዘግይቶ።

አልተቆጡም። ሌንሱን ተቀበሉ።
ቀለበቱን ወደ ቅርብ ሊያዞሩ ታገሉ፤ ጣታቸው ነጣ።
«እዚህ ጋ ስንት ነው ርቀቱ?»
«አርባ አምስት ሴንቲ ሜትር። የዚህ ባንኮኒ ስፋት።»
«እና እዚህ ጋ አልተነካም?»
«አልተነካም። እንደ አዲስ ነው።»
«ያልተነካ ሲሆን ዋጋው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?»
መምህሬ አርባ ዓመት በዚህ ንግድ ዋሽተው አያውቁም።
«ይጨምራል» አሉ።

ሳቁ ወይዘሮ ኢሱዙ። እኔ እንባ ጠብቄ ነበር፣ አፈርኩ።
«እንግዲያው እኔም ሳልረክስ ነው የኖርኩ!»

አሥራ አራት ሺህ የን። ሁለቴ ቆጠሩ፣
ደህና ሁኑ አሉን፣ ጃንጥላቸውን ረስተው ወጡ።

በአምስተኛው ሳምንት መጡ። ዝናብ አልነበረም።
መስኮቱ ላይ ያለውን አጎንብሰው አዩ። «ጠርቷል?»
«ትንሽ ይቀረዋል» ብዬ ካሜራ ላይ ገጠምኩት፣ ለሙከራ፤
ቁሙልኝ አላልኩም፣ ቆሙ።
ቀለበቱ ወደ ቅርብ አልታዘዝ አለኝ፣
በሁለት እጄ ስታገል ባቡሩ ከላያችን አለፈ፣
መደርደሪያው፣ እኔም፣ ሌንሱም ተንቀጠቀጥን።

ፎቶው ደብዛዛ ነው።
ጃንጥላ የያዘ እጅ ይታያል፣ ከአገጭ የጀመረ አንድ ነጭ ነገር፤
ጥርስ መሰለኝ።