ከሥር የወጣው

የማታ ክፍል ነው። ባጃጄን አጥር ሥር አቁሜ፣
ደብተሬን ከዘይት ጨርቁ መሐል ለቅሜ፣
ገባሁ። መብራት ሄዷል። ፒያሳ በርቷል ይላሉ፤
እዚህ አዘዞ ግን ሰዎች በስልካቸው ያነባሉ።

መምህር እንዳላማው ስልኩን በጠመኔው ሳጥን አስደግፎ
ጣሪያ ሣለ፣ ትንሽዬ ሦስት ከትከሻው ላይ ለጥፎ፤
ከሥሩ አራት። ጎኑ ሌላ ጣሪያ፣ ስድስት ያለበት፤
መሐላቸው ነጥብ፣ የብዜት ምልክት።
«ኩብ ሩት ነው» አለ። «አባዙ፤ ከዚያ አቃልሉ።»
«መጀመሪያ ኑሮውን» እያሉ ከኋላ ግንበኞቹ ይስቃሉ።

አራትን በተነው፦ ሁለት፣ ሁለት። ስድስትን፦ ሁለት፣ ሦስት።
«እነዚህ ሁለቱ ሁለቶች ቢገፉት በሩ አይከፈት፤
ከኩብ ሩት ለመውጣት ሦስት መሆን አለባቸው፤
አንድ ይጎድላቸዋል። ወዲያኛውም ብቻውን ነው።
ሲደመሩ ቤት ለየቤቱ እንደቆመ ይኖራል፤
ሲባዙ ግን ግድግዳው ይፈርስና ጣሪያው አንድ ይሆናል፤
ከሃያ አራት ሥር ሦስቱ ሁለቶች ይተያያሉ፣
ይማከሩና ስለ ሦስታቸው አንዱን ይልካሉ።»

ከዚህ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም።

አባቴ ሁለት ቤት ነበረው፤ አንዱ ቀሃ፣ አንዱ አንገረብ፤
እሳት እንኳ የማይጫጫሩ።
በእኛ ቤት፣ እናታችን ካለፈች፣ እኔና አዛናው፤ ሁለት አፍ፣ ሁለት ባዶ ኪስ፤
በወይዘሮ ያንጓች ቤት ቢሆነኝና እሷ፣ እግሯ የማይፈወስ።
አባቴ በሞተ በወሩ ጃንተከል ዋርካ ሥር
ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ግንቡ፣ ስለ ብድር።
የዋርካው ሥር እንደ ገመድ ከመሬት ወጥቷል፤ እሱ ላይ ተቀምጬ
እሰማለሁ፤ ዐሥራ አራት ዓመቴ፣ ጥፍሬን በጥርሴ ቆርጬ።
«ቤት ለየብቻ ይቁም» አለ አንዱ፤ ደህና ሰው ነበር፣
ግን መደመር አይፈታም የእኛን ችግር።
ያንጓች በከዘራዋ ተደግፋ ተነሣች፤
«ለሁለት ጣሪያ ቆርቆሮ የለኝም፤ ልጆቹ ይምጡ» አለች።

በሐምሌ ዝናብ ገባን። ሦስት ልጅ በአንድ ፍራሽ፤
ሌሊት ብርድ ልብስ ተጓታች፣ ጠዋት አንዱ ላንዱ ዳቦ ቆራሽ።
በዓመቱ መስከረም ሲጋመስ ቢሆነኝ ማጭዱን በካናቴራ ጠቀለለ፤
«መተማ ሰሊጥ ደርሷል፤ ሦስታችን ከምንሄድ እኔ ልሂድ» አለ።
ስሙን ያወጣችው እናቱ ናት። ለእሱ ይሁን አይሁን እንጃ፤
ለእኛ ግን ሆነልን፦ ደብተር፣ ቆርቆሮ፣ የአዛናው ሹራብ፣
ኋላም የዚህች ባጃጅ ቅድመ ክፍያ።

«ና እስቲ አንተ» አለኝ መምህሩ።
ተነሥቼ ሦስትን ውጭ፣ ሁለትን ውስጥ ጻፍኩ።
«ማን ወጣ? ማን ቀረ? ደህና አድርገህ እይ» አለ። አፈርኩ።
በእጅጌዬ አጠፋሁት።
ሁለት ወጣ፤ ከጣሪያው ማዶ ቆሞ የቀረውን ያባዛል፤
ሦስት ቀረች፤ ብቸኛ ቁጥር ናት፣ ማን ይከፍላታል?
ያንጓችም እንዲሁ፤ በሁለት እግርና በከዘራ፣ ሦስት፣
ከዚያ ቤት ሳትወጣ ዐሥራ ስምንት ክረምት።

«አሁን ቀለለ» አለ መምህሩ።
ቀለለ?
ትናንት ቢሆነኝ ደውሎ ነበር። የሰሊጥ ዋጋ ወድቋል አለ፤
ወገቡን ብጠይቀው «ቀላል ነው» ብሎኝ ስለ ባጃጄ ጎማ ቀጠለ።

መብራቱ መጣ። የጠመኔው ጽሑፍ በብርሃኑ ሳሳ።
ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል፤ አጥሩ ሥር ሦስት ሰዎች ቆመዋል።
«ማራኪ ትሄዳለህ?»
«ግቡ።»
ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ከሸራው ጣሪያ ሥር እርጥብ ልብሳቸው ይሸታል።
«ሒሳብ» አልኳቸው።
«ከአንዳችን ተቀበል» አሉ፤ «ስለ ሦስታችን ይከፍላል።»