ያለ ሙጫ

ሰኞ ገበያን ሸፍኖ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ፣
ጣውላ ቤቱ ደጃፍ ቆምን፣ ልብሳችን ረጥቦ ከብዶ።
ይመርና ሙሄ፣ ያንድ እናት ልጆች ናቸው፣
ያባታቸውን ሳሎን ለሁለት ልከፍልላቸው፣
መሐል ቆሜ እኔ ነኝ ቃል አመላላሻቸው።

«ንገረው ለሙሄ፣ ርካሹ ይበቃናል፣
ቺፑድ ይሁን በለው፣ ቀለም ይደብቀዋል።»
«ንገረው ለይመር፣ ወፍራሙን ነው የምሻ፣
ሳሉ እንዳይሰማኝ እስከ ሌት መጨረሻ።»

አናጢ ነኝ። የሰው ፊት ማንበብ አልተማርኩም፤
የጣውላ ጠርዝ ግን አይዋሸኝም።

ቺፑዱን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት፣
እንደ ደረቅ በሶ ከመዳፌ ላይ እፍ አልሁት፤
ፊቱ ወረቀት ነው፣ የዋንዛ ሥዕል ያለበት፣
ሆዱ ሰጋቱራ፣ በሙጫ የታመቀበት።
የደሴን ጉም ጠጥቶ አንድ ክረምት ካለፈ፣
እንደ ቂም ያብጣል፣ ጠርዙ እየተቀረፈ፤
በጋ አይመልሰውም።

ኤምዲኤፉ ለስላሳ፣ እንደ ደላላ ምላስ፣
ለቁም ሳጥን ይሆናል፤ አቧራው ግን ይዘጋል እስትንፋስ።

ኮምፔንሳቶው ጋ ስደርስ ተንበረከክሁ፣
ጠርዙን በምራቅ አርሼ ገጾቹን ቆጠርሁ፤
አንዱ ቁም፣ አንዱ አግድም፣ አንዱ ቁም፣ አንዱ አግድም፣
ብቻውን ቢሆን አንዱም ጉልበት የለውም፤
ጅማታቸው ተጻራሪ፣ የአንዱ ወዲህ፣ የአንዱ ወዲያ፣
ፀሐይም ዝናብም ለማጣመም ያጣል መግቢያ።

«አብሽሩ፣ ይሄ ነው፣ ባለ አሥራ ስምንት ሚሊው።»
ዋጋውን ሰሙ። ዝም አሉ። ከፈሉ፣ እኩል እኩሉን።

ጋሪ አልተገኘም። ዳገት ነው፤ ነፋስ አለ፤
ሰፊው ጣውላ ላንድ ሰው ክንፍ እየሆነ ታገለ።
ይመር ፊት፣ ሙሄ ኋላ፣ ተሸከሙት በግድ።
«ቀኝህን ዝቅ።» «ደረጃ አለ።» «ቀስ በል፣ ጭቃ ነው መንገድ።»
ስድስት ዓመት ያልተባለ ቃል እዚያ ወጣ፣
አራት ጣውላ፣ አራት ምልልስ።
ከዚያ ዝምታው ተመልሶ መጣ።

ሳሎኑን ከፈልሁ። ሙጫ አልቀባሁም።
ምስማርም አልመታሁም።
በብሎን ብቻ አሰርሁት፣ በሀያ አራት ብሎን፣
አንድ ሰው በግማሽ ቀን ሊፈታው የሚችለውን።
«ሙጫውስ?» አለ ሙሄ።
«እንጨቱ ይተንፍስ ብዬ ነው» አልሁት። ዋሸሁ።
መፍቻውንም የረሳሁ መስዬ ከመስኮቱ ጥግ ትቼ ወጣሁ።

ዘንድሮ ሦስተኛው ክረምት ነው።
በሰላምታ ሰበብ ገብቼ ጠርዙን ዳሰስሁት፦
አላበጠም። አልተጣመመም።
ብሎኖቹ ዝገዋል እንጂ አልላሉም።
ጥሩ ዕቃ መርጫለሁ።

አንዳንድ ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲመታ፣
ምነው ቺፑዱን ባልኩ፣ ያን ለታ።