ያልተሰማው ወዴት ሄደ

ካውናስ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ጥር፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት።
ስኪርማንቴ ተኝታለች፤ ለዘጠኝ መነሣት አለባት፤
የሰባት ቁጥር ትሮሊ ባስ ነጂ ናት።

ግድግዳው ስስ ነው፤ ሲሚንቶው ሲቦካ
ግማሹ ሌላ ቤት ሠርቷል ለካ።
ከታች ሽማግሌው ቪጋንታስ ሲያስነጥስ
«ይማርህ» እላለሁ፤
«ያኑርህ» ይላል፣ በማሞቂያው ቧንቧ ሲመልስ።

እኔ ደግሞ ማጉያ አለኝ፣
አጎቴ ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ፈትቶ ያመጣልኝ፤
ለአራት መቶ ወንበር የተሠራ፣
አራት የመስታወት ቱቦ፣ እንደ ትንሽ ፋኖስ የሚያበራ።
«አደራ፣ እንዳታንሾካሽክበት» ብሎኝ ነበር።
ምን ላድርግ? ማንሾካሾክ ነው ያለው፣ በዚህ ግድግዳ ሥር።

በለሆሳስ ሲነኩት ድምፁ ቆርቆሮ ነው፤
ላብ እስኪያልበው፣ ወገቡ እስኪጎብጥ ሲገፉት ነው
ሰው የሚሆነው።
ያኔ ግን ሕንፃው ይነቃል፤
ሕፃን ያለቅሳል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ፖሊስ ደረጃ ይወጣል፤
አንዴ ወጥቶም ያውቃል።

መጀመሪያ ስፒከሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤
በክረምት ካፖርት፣ በአማቴ ብርድ ልብስ አፈንኩት፤
ማይክሮፎኑን ከጉሮሮው ሁለት ጣት አራቅሁት።
የቀዳሁትን ስሰማው፣ የናፍታሊን ሽታ ያለው ድምፅ ነው፤
ካፖርቱን ሳያወልቅ የሚያንጎራጉር ሰው።
ከኋላው፣ ከሩቅ፣ የሚስቴ ማንኮራፋት ይመጣል፤
እውነቱን ለመናገር፣ ከኔ ይልቅ ምቱን እሱ ይጠብቃል።

ከዚያ ሊፍት ጠጋኙ ጋውዴንታስ አንድ ሣጥን ሠራልኝ፤
ጡብ የሚያህል ብረት። «ስፒከሩን ንቀልና ይህን ሰካ» አለኝ።
«ማጉያው የጮኸ ይመስለዋል፤ ይታለል።
ይህ ጩኸቱን ይውጣል፤
ከጭልፋ ያነሰ ብቻ ወደ ኮምፒውተርህ ያልፋል።»
«የተዋጠውስ?» ስለው፣
«ሙቀት ይሆናላ! ሌላ ምን ሊሆን ነው?»

ዛሬ እስከ ጥግ አዞርኩት፤ እስከ ዐሥር።
ቱቦዎቹ ወርቅማ ሆኑ፤ ከውስጣቸው ሰማያዊ ክር።
በክፍሉ የሚሰማው ሽቦ በጥፍር
ሲነካ ብቻ ነው፤ ዝንብ በጠርሙስ ውስጥ ስትዞር።
በማዳመጫዬ ግን አራት መቶ ወንበር
ሞልቶ፣ መጋረጃው ሲንቀጠቀጥ፣ ጣሪያው ሊነሣ ነበር።
ቪጋንታስ ቢያስነጥስም አልሰማሁት፤ እግዜር ይማረው፣ ዳር እስከ ዳር።

ስድስተኛው ሙከራ ላይ ይመስለኛል፣ አንዲት ኖታ ጎትቼ ያዝኳት፤
እኔም አልለቅ፣ እሷም አልሞት አለች፤
ከጊታሩ እንጨት ደረቴ ውስጥ ገባች፤
እንዲህ ያለች በዕድሜዬ አልገጠመችኝም፤ ማንም አልሰማት።
የመቅጃውን ቁልፍ ለካ አልተጫንኩት።

ጊታሩን ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ግድግዳው ላይ አፍጥጬ
ቆየሁ፣ እዚያው ተቀምጬ።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ፣ መብራት ሳትለኩስ ተነሣች፤
ጫማ፣ ሻርፕ፣ የቁልፍ ኳኳታ፤ ጨለማውን እየዳበሰች
ሣጥኑ ጋ ደረሰች።
ማታ፣ ከበረዶ ስትገባ፣ የራሰ ጓንቷን እላዩ ላይ ጥላው ነበር።
አንዱን አጠለቀች፤ ሌላውን ጀምራ ቆመች፣ ሳትናገር፤
ጣቶቿን አንድ በአንድ ስታጥፍ፣ ስትዘረጋ፣ ስትቆጥር።
«ይህ ደግሞ ምን ነክቶት ነው» አለች፣ «እንደ ዳቦ የሞቀ?»
አፌን ከፈትኩ። ቃል ግን ራቀ።
መልስም አልጠበቀች፤ አሳንሰሩ ዘቀዘቀ።

በመስኮት አየኋት፤ ከመንገድ መብራቱ ሥር
ሁለቱን መዳፎቿን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ፣ ለአፍታ፣
እንደሚያፍር ሰው፤ ከዚያ ሄደች፣ በረዶውን ረግጣ።

ተመልሼ ሰባተኛውን ቀዳሁ። ደህና ነው፤ አያሳፍርም።
ስድስተኛው አሁን ባቡር ጣቢያው ጋ እየታጠፈ ነው፣
መሪ ጨብጦ፤ ተሳፋሪ የለም፤ ማንም አያውቅም።