ቀይ ነጥብ

ከቃሊቲ አልፎ፣ ገላን ሳይደረስ፣
ሲኖትራክ ተሰልፎ አቧራ ሲያፈስ፣
መስታወት የለበሰ አንድ ሕንጻ አለ፣
«የዋስትና ጥገና» ብሎ የሰቀለ።
እዚያ ነው መኪናዬን ሁለቴ የወሰድኳት፣
ሁለቴም ታጥባ እንጂ ድና ያልመለስኳት።

አራት ዓመት ሙሉ እቁብ የጣልኩላት፣
ሚስቴ ሐብሏን አውልቃ የጨመረችባት፣
የወንበሯ ላስቲክ ሳይላጥ የተረከብኳት፣
በሰባተኛው ወር ጉድጓድ ስትገባ
ከቀኝ ጎማዋ ሥር «ቋ» አለች።

ዋስትና አለኝ አልኩ። ሦስት ዓመት፣ መቶ ሺ ኪሎ ሜትር፣
ባለ ክብ ማኅተም፣ ባለ ስድስት ገጽ ደብተር።
አባቴ ዋስ ሲል ግን ሰው ማለቱ ነበር፤
ከሸንጎ መሐል ተነሥቶ «እኔ አለሁ» የሚል፣
ባለዕዳው ቢጠፋ የገዛ በሬውን የሚነዳ።
የኔ ዋስ ወረቀት ነው፤ ሲያሻው ይነበባል፣
ሳያሻው በደቃቅ ፊደል ከታች ይታጠፋል።
ደግሞ ያው ሻጩ ዋስ፣ ያው ሻጩ መርማሪ፣
ያው እሱ ፈራጅ ነው፣ ያው እሱ መስካሪ።
በሬ ካራጁ ይውላል፤ እኔም ከፎቁ ሥር ዋልኩ፣
በነጻ ዋይፋይ ተደልዬ ተራዬን ጠበቅኩ።

«መንገዱ ነው» አለች ማህደር ከመስኮቱ፣ «ኮብልስቶኑ ነው፣ ጋሼ፤
ያነዳድ ጉዳይ ነው፤ እደውላለሁ መልሼ።»
መንገዱን መች ልለውጥ ነው? ቱሉ ዲምቱ ነው ቤቴ፤
መኪና የገዛሁት ለዚሁ መንገድ ነው እኮ፣ እመቤቴ!

ለሦስተኛው ጉዞ ዋዜማ ልጄ ሶስና ዘዴ አመጣች፤
የጥፍር ቀለሟን ይዛ ከመኪናው ሥር ገባች፣
ከሾክአብዞርበሩ ላይ ቀይ ነጥብ አስቀመጠች።
«ከቀየሩት ትጠፋለች፣ ካልቀየሩት ትቆያለች።»
ሳቅሁ። አፈርሁም። ሰው ሊታከም ሲሄድ
ገላው ላይ ምልክት አኑሮ ነው እንዴ?

ማክሰኞ አስገባሁ፤ ዓርብ ማታ ተደወለ፤
ፈረምኩ፤ ወረቀቱ «ተቀይሯል» አለ።
አደባባዩ ሳልደርስ ዳር ይዤ አቆምኩ፣
የስልኬን መብራት አብርቼ በጀርባዬ ተንጋለልኩ።
አለች።
እንደ ጠገበች መዥገር፣ ካለችበት ሳትነቃነቅ።

ቅዳሜ ጥበቃው በር ሳይከፍት ደረስኩ፣
ስድቤን ከቤቴ ጀምሬ እየሸመደድኩ።
ቀድሞ ያገኘሁት ግን ሂርጳን ነው፤ ክርኑ ድረስ ግራሶ፣
በፌስታል የባቄላ ንፍሮ ይዞ አጥሩን ተንተርሶ።
ፎቶውን አሳየሁት። አየ።
አኘከ። ግራ ቀኙን አየ።

«ዕቃው አልመጣም» አለኝ፤ «ከዘጠኝ ወር ወዲህ
አንድ ሳጥን አልተከፈተም እዚህ።
ለፋብሪካው 'ተቀየረ' ይጻፋል፣ ገንዘቡ ይመጣል፣
አንተም ቤትህ ትገባለህ፣ ነገሩ እዚያው ይቋጫል።
እኔ ግን መፍቻ ይዤ ማጠብ አይሆንልኝም።
ሾኩ ደህና ነው። የተበላው ጎሚኒው ነው፤ እሱም የለም።
ከሶማሌ ተራ በገዛ ብሬ አመጣሁ፣
ሐሙስ ማታ ሰው ሲወጣ እኔ ገባሁ።
ነጥብህን አይቻታለሁ። ቤንዚን ነበረኝ፣ ተውኳት።
ከትናንት ወዲህ ቋ አለች?»

አሰብኩ።
ከበሩ እስከ አደባባዩ ስድስት ጉድጓድ አለ።
ንዴት ጆሮዬን ደፍኖት ኖሯል ለካ።

አራት መቶ ብር ሰጠሁት፤ ቆጥሮ ሃምሳ መለሰ።
«ያንተስ ዋስትና» አልኩት፣ «የስንት ዓመት ነው?»
«ስልኬን ያዝ» አለ። «ካንኳኳች፣ እኔ አለሁ።»

ከመስታወቱ ወዲያ ማህደር መብራት አበራች።
ገብቼ ብጮህ ማን ቀድሞ እንደሚባረር አውቃለሁ።
ዝም ብዬ ብሄድ ደግሞ ነገ የማን ተራ እንደሆነ።
ስድቤን እንደያዝኩ ቁልፉን አዞርኩ።

«ነጥቧስ?» አለች ሶስና ከበሩ።
«አለች።»
«ዋሹን ማለት ነው?»
«አዎ» አልኩ። ቆይቼ «አይ» አልኩ።
ግራ ገብቷት ከመኪናው ሥር ልትገባ ጎንበስ አለች።
ደብተሩ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ይቀረዋል።